ሐኪም ለሐኪም የጻፈው

እኔ ሕክምና አልተማርኩም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ግን ሐኪሞች ጆሮዬ ውስጥ ሲያወሩ ኖሬያለሁ። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮቷ ከእግረኛ መንገዱ እኩል በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ እነሱ በድምፅ የቀረጹትን ደብዳቤ አድርጌ መተየብ ነበር ሥራዬ። አንዱ ዳቦ እያላመጠ ይቀርጻል፣ አንዱ መኪና እየነዳ፣ አንዱ ከሚስቱ ጋር እየተነታረከ። «ጉበቱ ጤናማ ነው፤ አልኩሽ እኮ፣ ቅዳሜ አይመቸኝም» ብሎ የቀረጸ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበረን። ጉበቱን ጻፍኩ፣ ቅዳሜን ተውኩት።

ደብዳቤው ሁሉ «ክቡር የሥራ ባልደረባዬ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የሆስፒታሉ ሐኪም የሚጽፈው ለቤተሰብ ሐኪሙ ነው። ታሽጎ በእጁ ይዞት የሚሄደው ግን በሽተኛው ራሱ ነው፤ የገዛ ሆዱን ወሬ ለሌላ ሰው ያደርሳል ማለት ነው። እዚህ ሰሜን ጀርመን፣ ኤምደን ከተማ ውስጥ ፖስታውን ሳይከፍት የሚያደርስ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ከፍቶ ምን ያገኛል? ላቲን ያገኛል። ሐኪሞቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሰው ፊት ቆሞ ከማስረዳት ለባልደረባ በላቲን መጻፍ ስለሚቀል ነው።

እናም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሕንጻችን ያለ ሰው ሁሉ ፖስታውን ይዞ የእኔን በር ያንኳኳ ነበር። ስድስት አባወራ ነን። ምድር ቤት ያሉት ወይዘሮ ፎልከርትስ ሽፍታቸው «ኢዲዮፓቲክ» ነው ተብለው ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥተው መጡ። ሐኪሙ ምክንያቱን አላወቀውም ማለት ነው ብላቸው፣ «ይችን ለማለት ነው ስድስት ዓመት የተማረው?» አሉኝና በሩን ሳይዘጉት ሄዱ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረምሳ ደግሞ የምርመራው ውጤት «ኔጋቲቭ» መሆኑን አንብቦ ሊሰናበተን ምንም አልቀረውም ነበር። ነገሩ የለብህም ማለት ነው ስለው አቅፎ ሳመኝ።

አንድ ሕግ ነበረኝ። ቃሉ ያለውን እናገራለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሐኪም አይደለሁማ። ሰዎቹም የሚያምኑኝ በዚህ ነበር፤ ነገሩን ሳላጣፍጥ፣ ድምፄን ሳላለዝብ ስለምነግራቸው።

አቶ ዊያርድ ኦንከን ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን መርከብ መሥሪያው ውስጥ የእንፋሎት ቧንቧ በአስቤስቶስ ሲጠቀልሉ የጨረሱ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ተጎራብተናል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ የሚጠጡት እኔ ጋ ነበር። ሦስት ሲኒ ይጠጣሉ፣ ስለ አየሩና ስለ መርከቦቹ ሁለት ሦስት ቃል ይናገራሉ፣ ይወጣሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንቱ እንደተባባልን ነበር። እሳቸው «ወይዘሮ ሬንከን»፣ እኔ «አቶ ኦንከን»። አንቱታውን አንሡት ማለት የታላቁ ፈንታ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም። እኔ ግን ቅዳሜን ስጠብቅ ነበር የምከርመው። አሁን ምን እደብቃለሁ።

ኢልኮ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ኖርዌይ ውስጥ ዓሣ ማርቢያ ነው የሚሠራው። እናቱ ሲሞቱ ባሕሩ በማዕበል ተናውጦ መርከቡ አልነሣ ብሎት፣ ቀብሩ አልቆ ለቀስተኛው ሻይና ኬክ ፊት ተቀምጦ ሳለ ነው የደረሰው። አቶ ኦንከን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለእናትህ ያልደረስክ፣ እኔም ስሞት እንዳትመጣ» አሉት። ልጁ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። አባት «እሱ ይደውል» ይላሉ። ልጁም እዚያ ሆኖ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። ቃሉ የወጣው ከአባቱ አፍ ነበር፤ ሊያነሡት የሚችሉትም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በመኸር ላይ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ደረጃውን ሲወጡ የእኔ በር ላይ ቆም ይላሉ፣ የግድግዳውን ቀለም የሚመረምሩ መስለው። ሆስፒታል ሄዱ፣ ተመላለሱ፣ ከሳንባቸው ውኃ ቀዱላቸው፣ ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ። ውጤቱን በሚጠብቁበት ቅዳሜ፣ ሁለተኛውን ሲኒ እንደያዙ፣ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

«ክፉ ነገር ከሆነ ለኢልኮ እደውላለሁ።»

«ክፉ ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ጊዜ አለኛ። በፋሲካ፣ ምናልባት።»

«ዛሬ ቢደውሉስ ምን አለበት?»

«ዛሬ ምን ብዬ?» አሉና ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እኔም ሦስተኛውን ቀዳሁላቸው። ሰው ልጁን ለማናገር የሞት ማስረጃ ሲጠይቅ ማየት ያናድዳል፤ ግን የእኛ ሰው እንዲህ ነው፣ እኔም ከእነሱው ነኝ።

ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ከሆስፒታል አሰናበቷቸው። አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ ፖስታውን ሰጥቶ «የቤተሰብ ሐኪምዎ ያስረዱዎታል» ብሎ እየሮጠ ሄደ። የቤተሰብ ሐኪሙ በር ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፏል፤ ለበዓሉ ተዘግቷል፣ የሚከፈተው ከገና ሳምንት በኋላ በሚገባው አዲስ ዓመት በሰባተኛው ቀን ነው። ይህን አሠራር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሆስፒታሉ የቤተሰብ ሐኪሙ ይነግረዋል ብሎ ያስባል፤ የቤተሰብ ሐኪሙ ሆስፒታሉ ነግሮታል ብሎ ያስባል፤ በሁለቱ መሃል ሰውየው ፖስታውን ይዞ ይቆማል። አቶ ኦንከንም ፖስታቸውን ይዘው፣ ረቡዕ ቀን፣ ያለ ቀጠሮ፣ የእኔ በር ላይ ቆሙ።

ወጥ ቤት ተቀመጥን። ሦስት ገጽ ነው። እኔ ልማዴ መጨረሻውን አስቀድሞ ማንበብ ነው፣ ሐኪም የልቡን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነዋ። የሳንባው ሽፋን ዕጢ፣ የት የት እንደደረሰ፣ ለቀዶ ሕክምና እንደማይመች፣ ከዚያ አንዲት ቃል። «ኢንፋውስት»።

ይህን ቃል ሐኪም ለበሽተኛ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። እርስ በርሳቸው ብቻ የሚጻጻፉት ነው። ተስፋ የለውም ማለት ነው። ትንሽ ተስፋ አለው፣ ምናልባት ይሻለዋል፣ የሚባል ነገር ውስጡ የለም። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስንት መቶ ጊዜ እንደተየብኩት አላውቅም፤ ስተይበው ጣቶቼ ዘገየት ብለው እንኳ አያውቁም። የተጻፈበትን ሰው አላየውማ። አሁን የተጻፈበት ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቴን ያነባል።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ነገርኳቸው። ውኃው ይህ ነው፣ በራጁ ላይ ያለው ጥላ ይህ ነው፣ ይህ ቃል የሳንባ ሽፋን ማለት ነው፣ ይህ የመርከብ መሥሪያው የአስቤስቶስ አቧራ ያመጣው ነው። ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ በወፍራም ጣታቸው ቃሉን ነኩት።

«ይችስ?»

የቤተሰብ ሐኪሙ በሩን እስኪከፍት አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል። ሐኪሙ ይንገራቸው፤ ደመወዝ የሚበላው በዚህ ነው። እኔ ለምንድን ነው ገናን የምነጥቃቸው? እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ማሰብ ከተባለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፊታቸው ሲጠፋ ማየት አልቻልኩም። በዓለም ላይ የምሳሳለት ፊት ያ ብቻ ነበር።

«ቀስ ብሎ የሚሄድ ማለት ነው» አልኩ። «አዝጋሚ። በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለው አይቸኩልም።»

ጨመርኩበት እንኳ። ጨምሬ የማላውቀው ሴት።

አቶ ኦንከን ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ሳቁ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ ነው፣ ሳል አቋረጠው እንጂ። ተነሥተው ወደ ቤታቸው ወጡ። ትንሽ ቆይተው እያለከለኩ አንድ ጠርሙስ አረቄና ሁለት መለኪያ ይዘው ተመለሱ፣ ቀዱ፣ ቆመው መለኪያቸውን አነሡ።

«ዊያርድ» አሉኝ።

«አልሙት» አልኩ፣ የራሴን ስም።

ይኸው ነው ሥርዓቱ፤ ስም ተባብሎ መጠጣት። ጠጣን፣ አንቱታው ወደቀ፣ ከዚያ ወዲህ ዊያርድ ነው። ተቀመጠና በፋሲካ ወደብ ሄደን የተጠበሰ ዓሣ እንበላለን አለኝ። ለኢልኮም ያኔ እደውላለሁ፤ አሁን በበዓል ሰው ማስደንገጥ ምን ያደርጋል አለ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ጥሩ» አልኩት። ሌላም ነገር አለ፣ ብናገር ይሻላል፤ ያን ከሰዓት ደስተኛ ነበርኩ። ሰውየው ሞቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ተቀምጧል፣ እኔ አንቺ አለኝ ብዬ ልቤ ይዘላል።

ገናን አብረን አሳለፍን። በየቀኑ ይወርድ ነበር። ስልኩን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አያወጣውም፣ ግን በእጁ ይዳብሰዋል። ኢልኮ ይደውል ይሆናል ብሎ ተስፋ ሳያደርግ አልቀረም። አልጠየቅሁትም። ከገና በማግስቱ ደረጃው ላይ ደገፍ ብሎ አየሁት፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። «አዝጋሚ ያልሽው እግሬን ነው መሰለኝ» አለና ሊስቅ ሞከረ። አንጀቴን በላው። ሐኪም እንጥራ አልኩት። «ከተኛሁ አይለቁኝም፤ ሰባተኛው ቀን ሩቅ አይደለም» አለ። ወደ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ለራሴ ጭምር ነው፣ ምክንያቱም አሁን መናገር ማለት ዋሽቼሃለሁ ማለት ሆኗል። እያንዳንዱ ቀን ሲጨመር ቃሉ ከበደ።

የዘመን መለወጫው ዕለት ወሰንኩ። በዓሉ ይለፍና እነግረዋለሁ፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ለልጁ እንዲደውል አደርጋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ወጣሁ። ባንኳኳ አልከፈተም። መለዋወጫ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ወንበሩ ላይ ነው ያገኘሁት፣ ጫማውን አድርጎ፣ አንዱ ክሩ ታስሮ አንዱ ሳይታሰር። እጁ በርዷል። ሐኪሙ በሩን ሊከፍት አምስት ቀን ነበር የቀረው።

ልጁን ያገኙት ፖሊሶቹ ናቸው። በማግስቱ ደረሰ። ለአባቱ ቀብር ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ፤ እኛ ስንደርስ ብቻውን ጉድጓዱ ዳር ቆሞ ነበር። አጭር ሰው ነው፣ የእናቱን አፍ ይዟል። ሻይና ኬክ ላይ ማንንም አላናገረም። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከላዬ ዕቃ ሲጎትት፣ ሳጥን ሲያሽግ ሰማሁት። በሦስተኛው ቀን አንኳኳ።

«ወይዘሮ ሬንከን፣ ምድር ቤት ያሉት ሴትዮ እርስዎ ደብዳቤ ያነባሉ ብለውኝ ነው» አለ። «ኮቱ ውስጥ ያገኘሁት ነው።»

አስገባሁት። ወጥ ቤት፣ አባቱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሳያውቅ ነው። ወረቀቶቹን ዘረጋ። ብዙውን ራሱ ለመረዳት ሞክሯል። ያችን ቃል ግን አላወቃትም፤ ጣቱን አኖረባት።

«ተስፋ የለውም ማለት ነው» አልኩት።

እንዲህ በቀላሉ ወጣልኝ። ለአባቱ ልናገረው ያልቻልኩትን ለልጁ እንደ አየር ጠባይ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ገጹ መጨረሻ ላይ ወዳለችው ዓረፍተ ነገር ወረደ። እሷ በላቲን አልተጻፈችም።

«ታካሚው ስለ ሕመሙና ስለሚጠብቀው ሁኔታ በዝርዝር ተነግሮታል» ብሎ አነበበ። «ይችማ ገብታኛለች። ነግረውታል።»

ስለዚያች ዓረፍተ ነገር የማውቀውን ልናገር። እሷን ማንም ሐኪም ቀርጿት አያውቅም። ማሽኑ ውስጥ ተዘጋጅታ የተቀመጠች ናት፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሙሉዋ ትወርዳለች። ያስገቧት የሆስፒታሉ ጠበቆች ናቸው፣ ክስ ቢመጣ ለመከላከያ። ራሱን ስቶ ለከረመ ሰው ተጭኛታለሁ። አንዴ ለአራት ወር ሕፃን ተጭኛታለሁ፣ ማንም አላስተዋለም። ይህን ለኢልኮ መንገር ቀላል ነበር። ብነግረው ግን «ታዲያ አያውቅም ነበር?» ይለኛል። ቀጥሎ «ደብዳቤውን ለእርስዎ አላሳየዎትም?» ይላል። ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው።

«ያውቅ ነበር?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

«ያውቅ ነበር።»

ወረቀቱ አናት ላይ ያለውን ቀን አየ፤ በከንፈሩ ቆጠረ።

«አሥራ ሦስት ቀን» አለ። «በዓሉን ሙሉ ሥራ አልገባሁም፣ ያውቃሉ? ዘንድሮ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ይደውላል ብዬ። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዤ ነው የምገባው። ከእኔ ቤት እዚህ ድረስ እኮ የአንድ ቀን መንገድ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረ ፍርፋሪ በጣቴ ሰበሰብኩ።

«እንግዲህ ከልቡ ነበር የተናገረው» አለ። «እኔ ደግሞ ሐዘን ያናገረው ነው እያልኩ ነበር፣ ይኸን ሁሉ ዓመት።»

አላለቀሰም። ቢያለቅስ ምናልባት አፌ ይፈታ ነበር። ወረቀቶቹን በእጥፋታቸው አጠፋቸው፣ ተነሣ፣ እጄን ጨበጠኝ።

«እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን ያባብለኝ ነበር።»

ለአባቱ ፖስታ የሚመጣ ካለ ብሎ ስልክ ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። የመጨረሻውን ሳጥን ይዞ ሲወርድ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሦስት ጊዜ አረፈ፣ ሳጥኑ ከብዶት። ሦስቱንም ጊዜ ልጠራው እችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰው ደብዳቤ አላነብም። ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። ወይዘሮ ፎልከርትስ ባለፈው አዲስ ፖስታ ይዘው መጥተው፣ ስላልተቀበልኳቸው አኩርፈው ሦስተኛ ፎቅ ላለው ጎረምሳ ሰጡት፤ እሱ በስልኩ ይፈልግላቸዋል። የዊያርድን ቤት ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ገብተውበታል። ቀኑን ሙሉ ከላዬ ይሮጣሉ፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ፋሲካም አለፈ። ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስንት ጊዜ ግማሹን ተጭኜ እንደተውኩት አልቆጠርኩም። ባለፈው ማክሰኞ እስከ መጨረሻው ተጫንኩት። አነሣው። «ሄሎ» አለ፣ ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል። «ሄሎ፣ ማን ልበል?» ዘጋሁት። ወዲያው መልሶ ደወለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ረጅም ጊዜ ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አላነሣሁትም።